ቤንዚኑ የት ይደር?

ጥር 23

መብራት ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መጣ። የተለመደ ነው። ጋሼ ጄኔሬተሯን ጓሮ አውጥቶ አስነሳት። እኔ የደንበኛዬን መጋረጃ በእጄ ስዘመዝም ዋልኩ። ለስፌት መኪናዬ አትበቃም፤ የአባባን የኦክስጅን ማሽንና አንድ አምፖል ከቻለች ትልቅ ነገር ነው።

መብራት ሲመጣ ጋሼ አጠፋትና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ዕቃ ቤት አስገባት። ገና ትኩስ ናት። "ትቀዝቅዝ እንጂ" ስለው፣ "ሌባ እስክትቀዘቅዝ ይጠብቃል?" አለኝ። ወንድሜ እንዲህ ነው፤ ለሁሉ ነገር መልስ አያጣም።

አባባ ከአልጋው ሆኖ፣ "ሙሽራዋ ገባች?" ይላል። ሙሽራዋ ነው የሚላት። ተሸፋፍና፣ ተደግፋ፣ የቤቱን ምርጥ ቦታ ይዛ...

ዕቃ ቤቱ በአባባ ክፍልና በኩሽናው መሀል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። መስኮት የላትም። ሦስቱ ቢጫ ጀሪካኖችም እዚያው ናቸው፣ ዘይት የተሸጠባቸው። አሁን እስከ አፋቸው ቤንዚን ናቸው። ዛሬ ጨርቅ ላወጣ ገብቼ ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ። ድሮም እንዲህ ነበር? ወይስ ለምጄው ኖሯል?

የካቲት 2

ለጋሼ ነገርኩት። በር ላይ ታክሲውን እያጠበ ነበር።

"ቤንዚኑን ከቤት እናውጣው።"

"የት?"

"ጓሮ።"

"በበያጁ አጥር ስር? ቀኑን ሙሉ እሳት ሲረጭ ነው የሚውለው።"

እውነቱን ነው፤ ከጓሯችን አጥር ማዶ ያለው ጎረቤታችን ብረት በያጅ ነው። ጓሮ የማሰጣው ልብስ ሁሉ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል።

"እሺ፣ ግቢ በር ጋ።"

"በማግስቱ የለም። በዚያ ቀን መብራት ቢሄድስ? አባባን ምን ትይዋለሽ? 'ትንሽ ትንፋሽህን ያዝ፣ ቤንዚን ፍለጋ ልሂድ' ትይዋለሽ?"

ባልዲውን አቀበልኩት።

አምና ክረምት ቤንዚን አለቀብን። ትንሿ የኦክስጅን ሲሊንደርም ባዶ ነበረች። ጋሼ ባዶ ጀሪካን ይዞ ከማደያ ማደያ ሲንከራተት ዋለ። እኔ አባባን በካርቶን ክዳን አራግብለታለሁ... ከንፈሩ ጠቆረ። መብራት ሲመጣ ነው የተረፈው እንጂ እኛ አላተረፍነውም። ጋሼ ጀሪካኑን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ያየሁት ፊቱ አይረሳኝም። ልጅ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ወዲህ ነው ማጠራቀም የጀመረው። ስለዚህ ክፉ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቻለሁ። የምንፈራው ነገር ተለያየ እንጂ።

የካቲት 9

ሙቀቱ ባሰበት። ጋሼ አራተኛ ጀሪካን አመጣ።

የካቲት 14

የጋሼን ልጅ ዕቃ ቤት ውስጥ አገኘኋት። ሚጡን። ጀሪካኑ ላይ ተፈናጣ "ሂድ ፈረሴ!" ትላለች። ጎትቼ አወረድኳት፣ ጮህኩባት፣ አለቀሰች። እናቷ ሮጣ መጣች።

ሳቂታ ነው የምንላት የጋሼን ሚስት። ቤታችን ከገባች ጀምሮ ሳትስቅ የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። ዛሬም ሳቀች። "አንቺ ደግሞ ስትቆጪ ዳኛ ነው የምትመስይው" አለችኝ።

በኋላ ግን ሽንኩርት ስትከትፍ አብሬያት ቆምኩ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ታውቂያለሽ? ምድጃውን ስለኩስ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።"

"ነግረሽዋል?"

"ነገርኩት። 'አባቴን ልግደለው?' አለኝ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?"

ሽንኩርቱን ጨረሰችው። ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ... አላውቅም፤ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

የካቲት 20

አባባን ሽታው ይረብሸው እንደሆነ ጠየቅኩት። አልጋው ከዕቃ ቤቱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው።

"የምን ሽታ?"

"የቤንዚኑ።"

"ልጄ፣ ከታመምኩ ወዲህ አፍንጫዬ ለጌጥ ነው የተቀመጠው። ምነው፣ ሙሽራዋ ሽቶ ተቀባች?"

ሳቅን። ግን ሰሞኑን ራሱን እያመመው ነው... ከበሽታው ነው ብለን አልፈነው ነበር። ከበሽታው ባይሆንስ? ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ጥርጣሬዬን ነግሬው ቢሆን የሚለውን አያጣም ነበር። ልጆቹ ከሚጣሉ ብሎ ግን ዝም የሚልም እሱ ነው። አልነገርኩትም።

መስኮቱን ከፈትኩ። ከጓሮ በኩል የብየዳው ጭስ ገባ። ዘጋሁት።

የካቲት 27

አንደኛው ጀሪካን ሆዱ ተነፍቷል። በሙቀቱ። ጋሼን ጠርቼ አሳየሁት። ክዳኑን ትንሽ አላላው፣ ፍስስ... አለ። መልሶ ጠበቅ አደረገው።

"ይኸው፣ አለቀ" አለኝ።

ምኑ ነው ያለቀው?

መጋቢት 5

ትናንት አልጻፍኩም። የሆነው ሁሉ የሆነው ትናንት ነው።

ከምሳ በፊት ነው። ጋሼ ሥራ ላይ። ትንሿን ሲሊንደር ላስሞላ ብሎ ይዟት ወጥቷል። መብራት አለ፣ የአባባ ማሽን ይሠራል። እኔ ሳሎን ጨርቅ እየለካሁ። ኮሪደሩ ላይ ስወጣ እግሬ ረጠበ። ሚጡ ውሃ የደፋች መሰለኝ። ጎንበስ ስል ነው ሽታው የመታኝ። ከዕቃ ቤቱ በር ስር ይወጣል... የወለሉን ቁልቁለት ይዞ ቀስ እያለ ወደ ኩሽና።

ኩሽና ሳቂታ አለች። የክብሪት ቀፎ ሲንኳኳ ሰማሁ።

"እንዳትለኩሺ!"

ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። ዞር አለች። ቀፎው በአንድ እጇ፣ እንጨቱ በአንድ እጇ። አልጫረችውም። አልጫረችውም... ከትናንት ጀምሮ ለራሴ ይህንኑ ነው የምለው።

"ሚጡን ያዢ። በጓሮ ዙሪና መንገድ ውጪ።" ለምን አላለችም። ወለሉን አየች፣ ልጇን ከመሬት አነሳች፣ ወጣች።

ከዚያስ? ማብሪያ ማጥፊያ መንካት እንደሌለብኝ አውቃለሁ። የአባባ ማሽን ግን እየሠራ ነው። ከግድግዳው ብነቅለው ይፈነጥቃል። እንዳለ ልተወው? ቆጣሪው ያለው ግቢ በር ላይ ነው፣ ውጪ። ሮጥኩና ከዚያ አጠፋሁት። ወዲያው የማሽኑ ጩኸት ከቤት ውስጥ ተሰማኝ። ጢጥ... ጢጥ... ኤሌክትሪክ ሲያጣ ነው እንዲህ የሚጮኸው። የአባባን አየር በገዛ እጄ ዘጋሁ።

ከአጥር ማዶ ደግሞ ብየዳው ይንጣጣል። ልብስ ማጠቢያው ላይ ወጥቼ በአጥሩ ተንጠለጠልኩ። "አጥፋው! ቤንዚን ፈሷል!" በያጁ ጭምብሉን ከፍ አደረገ። "ምን?" "ቤንዚን!" የያዘውን እንደያዘ ወደ ኋላ ዞሮ "አጥፉ!" ብሎ ጮኸ፣ አጥሩን ዘሎ መጣ። የሆዱን ትልቅነት ላየ ሰው ይዘላል ብሎ አይገምትም።

አባባ ወንበሩ ላይ ነበር። ከነወንበሩ አነሳነው። "ልጅቷስ?" አለኝ። "ወጥታለች።" "እሺ" አለ። ከዚያ በኋላ መናገር አልቻለም። ኮሪደሩ ላይ የበያጁ ጫማ አዳለጠው። ሦስታችንም ቤንዚኑ ላይ ልንወድቅ... ግድግዳው ያዘን።

መንገድ ላይ ስናወጣው ከንፈሩ እንደ አምናው ጠቁሯል። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው። "ማሽኑን አምጪው" አለኝ በያጁ፣ "እኔ ጋ መብራት አለ።" ተመልሼ ገባሁ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ። መብራቱ ጠፍቷልና ነቀልኩት፣ በጎማው እየገፋሁ አወጣሁት። ያኔ አልፈራሁም። ዛሬ ነው የፈራሁት።

የበያጁ በር በወዲያኛው መንገድ ነው። አባባን ያላለቁ የብረት በሮች መሀል አስቀመጥነው፣ ማሽኑን ሰካን፣ ቱቦውን አፍንጫው ላይ አደረግሁለት። ጠበቅን። ኸ... ኸ... ይላል። ከንፈሩን እያየሁ ቆየሁ። ቀለሙ የተመለሰው በጣም ቀስ ብሎ ነው። በያጁ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ዛሬ የሚበይድም፣ ሲጋራ የሚለኩስም እዚህ ግቢ እንዳይደርስ" አለ። ሥራውን ሁሉ አቁሞ እንደ ዘበኛ ቆሞ ዋለ።

በያጁ ደውሎላቸው እሳት አደጋዎች መጡ። አሸዋ በተኑ፣ በርና መስኮት ሁሉ ከፈቱ፣ የቀሩትን ጀሪካኖች ወደ ግቢ አወጡ። አንደኛው ከጎኑ በስፌቱ በኩል ተሰንጥቋል። አለቃቸው አገላብጦ አየውና፣ "ይሄ የዘይት ዕቃ ነው። ቤንዚን አይችልም። ደግሞ እንዲህ እስከ አፉ ተሞልቶ! ሲሞቅ የት ይሂድ?" አለ።

ጋሼ ያኔ ደረሰ። እኔን፣ ሳቂታንና ሚጡን መንገድ ላይ አየ፣ የእሳት አደጋውን መኪና አየ። የመጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር?

"ጀሪካኑን ማን ነካው?"

ሳቂታ ሚጡን እንዳቀፈች ቀረበችው። ለካስ የክብሪቱን ቀፎ እስካሁን ጨብጣዋለች። መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"ልለኩስ ነበር" አለችው። በዚያው ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

መጋቢት 6

አባባ ሆስፒታል ነው። ሐኪሟ ሳንባው ተቆጥቷል፣ ይቆይ አለች። ሌሎችም ጥያቄዎች ጠየቀችኝ፦ ቤንዚኑ የት ነበር፣ ከአልጋው ምን ያህል ይርቃል... መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

መጋቢት 7

ልብስ ልወስድለት ቤት መጣሁ። ሦስቱ ጀሪካኖች ዕቃ ቤት ተመልሰዋል!

"አንተ ሰው አይደለህም እንዴ?" አልኩት። ጋሼን እንዲህ ብዬው አላውቅም። ታላቄ ነው።

"እነዚህ ደህና ናቸው። አይቻቸዋለሁ።"

"ያኛውንም አይተኸው ነበር!"

"ውጪ ሲሆኑ ልቤ አይረጋም።"

"ውስጥ ሲሆኑ ይረጋልሃል?"

አሸዋውን እየጠረገ ነበር። መጥረጊያውን ጥሎ ወጣ። ራሱን እንዳመመው ከፊቱ ያስታውቃል፤ ሌሊቱን እዚያ ሽታ ውስጥ ሲፈትግ ነው ያደረው። ብቻውን። አሳዘነኝ። ግን ተናድጃለሁ... ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናል?

መጋቢት 9

ከጋሼ ጋር አንነጋገርም። ሳቂታም ስልክ አታነሳለትም።

መጋቢት 12

አባባ ዛሬ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ጋሼ ከበሩ አልፎ አልገባ ብሎ ቆሟል። "ና እንጂ፣ አልነክስህም" አለው።

ገባ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የመኪናውን ቁልፍ ያሻል።

"ሙሽራዋ የት ናት?" አለ አባባ።

"ዕቃ ቤት።"

"ከነስንቋ?"

ጋሼ ቁልፉን ጨበጠ።

"እንግዲያው እኔ አልመለስም። አልጋው ምቹ ነው፣ ነርሶቹም ደጎች ናቸው። እዚሁ ልክረም።"

"አባባ... ቢያልቅብንስ? አምና እኮ ልትሞትብኝ ነበር!" የጋሼ ድምፅ ተሰበረ።

አባባ ትንፋሹን ሰበሰበ። ለመናገር ጊዜ ይወስድበታል። "መሞቱስ ይሁን። መጠበሱን ግን አልፈልግም።"

አጠገቡ የተኛው በሽተኛ ሳቀ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ጋሼ ግን አልሳቀም። ተነስቶ ወጣ።

መኪናው ውስጥ አገኘሁት። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ። ጎኑ ገባሁ። በኋላ፣ ቀና ሳይል፣

"ሳቂታ ያንን ክብሪት ስትሰጠኝ... ትኩስ ነበር። ከእጇ ሙቀት።"

እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ።

"የት እናድርገው?" አለኝ። ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። እስከዛሬ ሲነግረኝ ነው የኖረው።

መጋቢት 16

ጋሼ ሁለቱን ጀሪካን ታክሲው ታንከር ውስጥ ገለበጣቸው። ሦስተኛው ለቤንዚን የተሠሩ ሁለት ትንንሽ የብረት ጀሪካኖች ውስጥ ገባ። እስከ አፋቸው አልሞላንም። የተረፈውን በያጁ ለሞተር ብስክሌቱ ወሰደው።

ቦታው ላይ ተጨቃጨቅን፤ የዛሬው ጭቅጭቅ ግን ደስ ይላል። ከግቢ በሩ ወዲህ ራቅ ብሎ፣ ዋርካው ጥላ ስር ሆነ። ከኩሽናውም ከብየዳውም ከቆጣሪውም ሩቅ ነው። በያጁ ወፍራም የብረት ሣጥን ሠራልን፣ ብየዳውን እሱ ግቢ ጨርሶ። ከታችም ከላይም ቀዳዳ አለው። "ሽታው ከባድ ነው፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው፤ ከታች ካላስወጣሽው ይታመቃል" አለኝ። ከሲሚንቶ መሠረት ጋር በሰንሰለት አሰረው። "ይህን የሚሰርቅ ካለ ግቢውንም ጭኖ ይሄዳል" አለና የራሱ ቀልድ ራሱን አሳቀው።

ጄኔሬተሯ ለብቻዋ ናት፣ በጎን ግድግዳው በኩል፣ ዙሪያዋ ወንፊት ሽቦ፣ ከላይ ቆርቆሮ። እዚያው ትሠራለች፣ እዚያው ታድራለች። ጭሷ ወደ መስኮት አይመጣም።

መጋቢት 18

ጋሼ "ነይ፣ ተማሪ" አለኝ። እስከዛሬ ነክቻት አላውቅም፤ እፈራታለሁ። የቤንዚን መዝጊያዋን ዘጋ። እየሠራች ተዋት። ካርቡሬተሯ ውስጥ የቀረውን ጠጥታ ስትጨርስ አንዴ ሳል ነገር አላትና ጠፋች። "ሲቀመጥ እዚያ ውስጥ እየረጋ ነው የሚያበላሻት" አለኝ። እሳት የምትጭረውን የካንዴላዋን ሽቦ ነቀለ። ቀጥሎ እኔ ሞከርኩ። ጥፍር የምታህል ቃጠሎ አውራ ጣቴ ላይ አተረፍኩ። ጭስ መውጫዋን ነክቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልነግረውም።

የሣጥኑን ሁለተኛ ቁልፍ ሰጠኝ።

መጋቢት 22

አባባ ቤት ገባ። ከሰዓት ደግሞ ሳቂታ፣ ሚጡን ይዛ። ማንም አልጠራትም፤ በያጁ ሳይነግራት አልቀረም።

ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ዕቃ ቤቱን ከፈተች። ጋሼ ግድግዳውን አፍርሶ መስኮት አውጥቶለታል። ጠማማ መስኮት ነው፣ ሙያው አይደለም። ባዶውን ክፍል አየች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ አሸተተች። ጋሼ ኋላዋ ቆሞ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው...

"መስኮቱ ዘሟል" አለችው።

"አውቃለሁ።"

"አስተካክለው።"

እስካሁን አልሳቀችም። ሻንጣዋን ግን ፈታች።

ሚያዝያ 10

መብራት አልሄደም። ሰሞኑን ሳንጨቃጨቅ እራት እንበላለን። ሚጡ ጋሼን ፈረስ አድርጋ ስትጋልበው ሳቂታ ሳቀች። ሁላችንም ዞር ብለን አየናት፣ አፈረች።

ግንቦት 19

ጠዋት መብራት ሄደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ጋሼ አባባን ወደ ትንሿ ሲሊንደር አዛወረውና ወጣ። ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩት። ገመዱን ሳበ። አልነሳም አለች። ሳበ... ሳበ። ምንም። ፊቱ መለወጥ ጀመረ።

"ካንዴላዋን መልሰሃል?"

"መልሻለሁ!"

"መዝጊያዋንስ?"

ተያየን። ዘግተናት ረስተናታል። ከፈታት፣ ሳበ፣ ተነሳች። ዝናብ ላይ ቆመን እንደ ሞኝ ሳቅን።

መብራቱ ግን አልመጣም። ከሰዓት ታንከሯን አየሁ፣ ልታልቅ ነው። ጋሼን ልጠራው አባባ ክፍል ገባሁ። ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተኝቷል፣ አፉን ከፍቶ፣ ያንኮራፋል። ሞተር እየሠራ ጋሼ ሲተኛ አይቼ አላውቅም። ደቂቃ በደቂቃ እየወጣ የሚያይ ሰው ነበር።

አባባ ጣቱን አነሳ። "አትቀስቅሺው።"

"ቤንዚን ልጨምር ነው። እስክትቀዘቅዝ መጥፋት አለባት። አንተ በሲሊንደሯ..."

"አውቃለሁ። ሂጂ። እኔ አለሁ።"

ቱቦውን አዛወርኩለት፣ እንዳይጮህ ማሽኑን አጠፋሁት፣ የሲሊንደሯን ጠቋሚ አየሁ፣ ወጣሁ። አጠፋኋት። የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። ከቆርቆሮው ስር ቆምኩ። እጄን አስጠጋሁ፣ ትኩስ። ትንሽ ጠበቅኩ። አሁንም ትኩስ። አሁን ብጨምረውስ? ውስጥ አባቴ በትንሽ ሲሊንደር ነው... ማን ያየኛል? እጄን ኪሴ ከተትኩ። ጠበቅኩ። ጋሼ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ሲሰማው እንደኖረ ያኔ ገባኝ።

ስትቀዘቅዝ ሣጥኑን ከፈትኩ፣ በማንቆርቆሪያ ቀስ ብዬ ጨመርኩ። አልፈሰሰም። ጀሪካኑን ከድኜ መልሼ ቆለፍኩበት። ገመዱን ሳብኩ። እምቢ። ሳብኩ። እምቢ። በሙሉ ክንዴ ሳብኩ... ያዘች።

ስመለስ የአባባ ማሽን ይሠራል። አባባ ራሱ ማሽኑን አብርቶ ቱቦውን መልሶ አድርጎታል። ጋሼ እንደተኛ ነው። በእንቅልፍ ልቡ ጭንቅላቱ አልጋው ላይ ዘንበል ብሏል፣ አባባ እጁን ፀጉሩ ላይ አድርጎለት።

እርጥብ ልብሴን ሳልቀይር በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው።